ያለ ተዋናይ የሠራው ተዋናይ

እ.ኤ.አ. በ1935 የሞሶሎኒ ጦር ኢትዮጵያን ሲወር፣ የሮማ ሲኒማ ቤቶች የሳቅና የፍቅር ፊልም ያሳዩ ነበር። ከዘመኑ መልከ መልካም ተዋንያን አንዱ ቪቶሪዮ ዴ ሲካ ነው። በ1901 በጣሊያኗ ሶራ ከተማ የተወለደው ይህ ሰው በዚያው በወረራው ዓመት «አንድ ሚሊዮን እሰጣለሁ» በተሰኘ ፊልም የለማኝ ልብስ የለበሰ ሚሊየነር ሆኖ ተወነ። ከደራሲዎቹ አንዱ ቼዛሬ ዛቫቲኒ ነበር። ሁለቱ ድህነትን ያለ ቀልድ ለማሳየት ገና አሥር ዓመት ያህል ይቀራቸዋል።

ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ዴ ሲካ አዘጋጅ ሆኖ ስለ ሮማ ሊስትሮዎች ፊልም ሠሩ። ፊልሙ የኦስካር ልዩ ሽልማት ቢያገኝም በአገሩ ገበያ አልቀናውም።

ቀጥሎ የመጣው «የብስክሌት ሌቦች» ነው። አንድ ሥራ ፈት ፖስተር የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ሥራው ግን ብስክሌት ይጠይቃል። ሚስቱ የአልጋ አንሶላቸውን አስይዛ በመያዣ የቆየውን ብስክሌት ታስለቅቃለች። በመጀመሪያው የሥራ ቀን፣ የሪታ ሄይዎርዝን ፖስተር እየለጠፈ ሳለ ብስክሌቱ ይሰረቃል። የአሜሪካው ፕሮዲዩሰር ዴቪድ ሴልዝኒክ ኬሪ ግራንት ይተውንበትና ገንዘቡን ልስጥ ብሎ ነበር። ዴ ሲካ እንቢ አለና የፋብሪካ ሠራተኛውን ላምቤርቶ ማጆራኒን መረጠ። ኬሪ ግራንት ብስክሌት ቢሰረቅበት ማን ይጨነቅለታል?

ብዙዎች ይህን ትወናን መናቅ አድርገው ያዩታል። እኔ አልስማማም። ዴ ሲካ እያንዳንዱን ትዕይንት ራሱ እየተወነ ነበር ለጀማሪዎቹ የሚያሳያቸው። ፊቱ የማጆራኒ ነው፤ ትከሻው የሚጎብጥበትና ዓይኑ የሚንከራተትበት ልክ ግን ከመድረክ ሰው የመጣ ነው። ማጆራኒ ወደ ፋብሪካው ቢመለስም ብዙም ሳይቆይ ከሥራ ተቀነሰ። በፊልም የተጫወተው ሥራ ማጣት በእውን ደረሰበት።

በ1952 የወጣው «ኡምቤርቶ ዲ» ጡረታው የማይበቃውን ሽማግሌ ታሪክ ይነግራል። ዋናውን ገጸ ባሕርይ የተጫወቱት የቋንቋ ሊቁ ፕሮፌሰር ካርሎ ባቲስቲ ናቸው። የመንግሥት ሹሙ ጁሊዮ አንድሬዮቲ የአገርህን ገመና ለባዕድ አወጣህ የሚል ይዘት ያለው ግልጽ ደብዳቤ ጻፈበት። ተመልካችም ፊልሙን ችላ አለው።

ዴ ሲካ ግን ቁማር የሚወድ፣ ገንዘብ ሁልጊዜ የሚያስፈልገው ሰው ነበር። በዓመቱ «ዳቦ፣ ፍቅርና ምኞት» ላይ የመንደር ሴቶችን የሚያባብል የካራቢኒየሪ ፖሊስ አዛዥ ሆኖ ከጂና ሎሎብሪጂዳ ጋር ተወነ፤ ጣሊያንም ቲኬት ለመቁረጥ ተሰለፈ። እስከ 1974 ሞቱ ድረስ ከመቶ በላይ ፊልም ተጫውቷል። መናኛው ብዙ ነው። በመሃል ሶፊያ ሎሬንን ለኦስካር ያበቃውን «ሁለት ሴቶች» አዘጋጀ፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ሌላ ሰው ካሜራ ፊት ተመለሰ፤ ዕዳ ነበረበታ።