የድንቅ ሥራ ዋጋ በምን ይለካል?

ስለ ሥልጣኔ ሲወሳ በቅድሚያ በዓይነ ኅሊናችን የሚደቀነው ድንጋይ ነው። አክሱም ሲባል ሐውልቱ፣ ላሊበላ ሲባል ውቅር ቤተ መቅደሱ፣ መርዌ ሲባል ፒራሚዱ ይታወሰናል። ለመሆኑ ከእነዚህ ድንቅ ሥራዎች የትኛው ይበልጣል? ማበላለጡስ በምን መስፈሪያ ነው?

ይህን ጥያቄ በቁጥር ለመመለስ የሚሞክር አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ አለ። ሲድ ማየርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጡት «ሲቪላይዜሽን» የተሰኘው ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ከተማ ይቆረቁራል፣ ሕዝብ ያበዛል፣ ከዚያም ድንቅ ሥራዎችን ያንጻል። እያንዳንዱ ሥራ የሚፈጀው ጉልበትና የሚያስገኘው ጥቅም በአኃዝ ተቀምጧል። አንዱን ድንቅ ሥራ የሚያቆመው አንድ ሕዝብ ብቻ ስለሆነ ዘግይቶ የደረሰ አይሳካለትም። በጨዋታው ስድስተኛ እትም ላይ እ.ኤ.አ. በ2017 የኑቢያ ንግሥት አማኒቶሬና በሱዳን የሚገኘው የጀበል ባርካል ተራራ፣ በ2020 ደግሞ ዳግማዊ ምኒልክና ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ተጨምረዋል። የእኛም የጎረቤታችንም ቅርስ ከአንድ ሚዛን ላይ ወጣ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሚዛኑ አንድ ጉድለት አለበት። በጨዋታው ውስጥ ድንቅ ሥራ አንድ ጊዜ ከታነጸ በኋላ ለጥገና የሚጠየቅበት ወጪ የለም። የታሪክ ሒሳብ ግን ዋናው ክፍሉ የሚጀምረው ከምረቃው ማግሥት ነው።

ከአክሱም ሐውልቶች ትልቁ 33 ሜትር ያህል ርዝመትና ከ500 ቶን በላይ ክብደት ነበረው። ተመራማሪዎች ገና ሲተከል ወይም ከተተከለ ብዙም ሳይቆይ ሳይወድቅ አልቀረም ይላሉ። በመርዌ የተሠሩት ፒራሚዶችም የነገሥታት መቃብሮች ነበሩ። መንግሥቱ በ4ኛው ምዕተ ዓመት ሲከስም ጠባቂ አጡ። እ.ኤ.አ. በ1834 ጁሴፔ ፈርሊኒ የተባለ ኢጣሊያዊ ሀብት ፍለጋ ሲል የንግሥት አማኒሻኬቶን ፒራሚድ አፈረሰ። የላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት ዕጣ ግን ከዚህ የተለየ ሆነ። እነርሱም ቢሆኑ ዝናብና ፀሐይ አልማራቸውም፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በአንዳንዶቹ ላይ የብረት መጠለያ እስከ መሥራት ተደርሷል። ነገር ግን ዛሬም ስለሚቀደስባቸው፣ በየዓመቱም ልደትን ለማክበር ምእመናን ስለሚጎርፉባቸው፣ ስንጥቃቸውን አይቶ የሚጨነቅላቸው ሰው አላጡም። ሕያው አገልግሎት ራሱ የጥገና መሠረት ነው።

እስካሁን ያነሣናቸው የጥንት ሥራዎች ናቸው። የዘመናችንን ድንቅ ሥራ ለመመዘን ደግሞ ሩቅ መሄድ አያሻንም። ከገዳሪፍ ወደ ከሰላ የሚጓዝ ሰው በአትባራ ወንዝ ላይ የኸሽም አልጊርባን ግድብ ያገኛል። ግብፅ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1970 የአስዋንን ታላቅ ግድብ ስትሠራ የኑቢያ ምድር በውኃ ተዋጠ። የአቡ ሲምበልን ቤተ መቅደሶች ለማዳን ዓለም ገንዘብ አዋጣ፤ ድንጋዩ ተቆራርጦ ከነበረበት 65 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ እንደገና ተገጠመ። 50,000 ያህል የሱዳን ኑቢያውያን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ከዋዲ ሃልፋ በባቡር ተጭነው በኸሽም አልጊርባ አካባቢ ሰፈሩ። ቴምራቸውንና የአባቶቻቸውን መቃብር ትተው፣ ዝናብ የማያውቀው የዓባይ ዳር ሕዝብ በክረምት ጭቃ ወደሚሆነው ጥቁር አፈር መጣ። ድንጋዩ ከአሮጌ ቦታው አጠገብ ሲቆም ሰዎቹ አገር አቋርጠው ተወሰዱ። እንዲህ ያለው ኪሣራ በየትኛው የወጪ መዝገብ ይሰፍራል?

ያ ብቻ አይደለም። እነዚያን ሰፋሪዎች በመስኖ ይመግባል የተባለው ግድብ መጀመሪያ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ የታቀደ ነበር። በጥቂት አሥርተ ዓመታት ውስጥ ከአቅሙ ግማሽ ያህሉን ደለል ወሰደው። ደለሉ ከየት መጣ? ተከዜ ሰቲት ተብሎ ከአትባራ ጋር የሚገናኘው ከዚሁ ግድብ በላይ ነው። ስለዚህ በሱዳን ሜዳ ላይ ያለውን ግድብ የሞላው ከሰሜንና ከጎንደር ተራሮች የታጠበው አፈር ነው። በደጋው ላይ እርከን የሚሠራ ገበሬ፣ ስሙ በምረቃ ድንጋይ ላይ ባይጻፍም፣ የግድቡ ጠጋኝ እርሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብም ነገ በዚሁ መመዘኛ መታየቱ አይቀርም። ግዝፈቱና የሚያመነጨው ኃይል በአኃዝ ይነገራል፤ ተገቢም ነው። ከአኃዙ ጎን ግን ሦስት ጥያቄዎች ሊነሡ ይገባል። ሲሠራ ከስፍራው የተነሣው ማን ነው? ጥቅሙ የሚደርሰው ለማን ነው? ከምረቃው በኋላ የሚጠብቀውስ ማን ነው? ሐውልት ተካዩንም ወንዝ ገዳቢውንም የምናመሰግን ከሆነ፣ ቦታውን የለቀቀውንና አፈሩን የያዘውን ከምስጋናው ልናጎድላቸው አይገባም።