የጅማ የእግር መንገዶች

ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ የሚባሉት አምስቱ የጊቤ መንግሥታት በ19ኛው መቶ ዘመን ከውጭው ዓለም ጋር የተገናኙት በእግርና በበቅሎ መንገድ ነበር። ሲራራ ነጋዴው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃሙ የባሶ ገበያ፣ ከዚያም በጎንደር አድርጎ እስከ ምጽዋ ይዘልቃል። ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይወጣል፤ አሞሌ ጨው ይገባል። በዚያው መንገድ ለባርነት የተሸጡ ሰዎችም ተነድተዋል፤ የመንገዱን ታሪክ የሚያነሣ ሁሉ እነርሱን ሊዘል አይገባም።

ከአንዱ አገር ወደ ሌላው መሻገር ቀላል አልነበረም። በየድንበሩ ማንም የማይሰፍርበት፣ ሞጋ የሚባል ባዶ መሬት ይተዋል። ጅማ በበኩሏ ዳር ድንበሯን በጉድባ ከልላ በሮቿን በኬላ ታስጠብቅ ነበር፤ የበሩ ሹም አባ ኬላ ይባላል። ነጋዴው ቀረጥ ሳይከፍል፣ እንግዳውም ፈቃድ ሳያገኝ አያልፍም። ጉዞው ያዘገመው በአጋሰሱ እርምጃ ብቻ ሳይሆን በኬላው ደጅ ጥናትም ጭምር ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1878 ጀምሮ የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1884 ለምኒልክ ገበሩ። ይህ ብልህ ውሳኔ አገራቸውን ጎረቤቶቻቸው ላይ ከደረሰው ጥፋት አዳነ፤ ንግዱም ደራ። ቤተ መንግሥታቸው በጅሬን ኮረብታ ላይ ነው። ከግርጌው በሂርማታ የሚቆመው የሐሙስ ገበያ ከየአቅጣጫው ገጠሬውን ይጠራ ነበር። አንትሮፖሎጂስቱ ኸርበርት ሉዊስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ እንኳ በበጋ፣ ገበያው ሲደምቅ፣ እስከ 30,000 ሰው እንደሚወጣ ጽፏል።

የጅማ ራስ ገዝነት በ1932 አከተመ። ከ1936 በኋላ ጣሊያኖች በሂርማታ ዙሪያ አዲስ ከተማ ቆረቆሩ፤ የመኪና መንገድም ሠሩ። ከዚያ ወዲህ የሩቁ ንግድ ወደ ጭነት መኪና ዞረ።

የእግር መንገዱ ግን በቡናው አገር አልጠፋም። ጫካ ቡና የሚበቅለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ስለሆነ ለቃሚው ቅርጫቱን ይዞ ዛፍ ለዛፍ እየዞረ ይለቅማል፤ የቀላውን ፍሬ ካልቀላው ለመለየትም መቸኮል አይጠቅምም። በአጋሮ አካባቢ፣ ቡና ተገኘባት በምትባለው በጮጬና በበለጠ ጌራ ደን ውስጥ ያሉት ቀጫጭን መንገዶች በዚህ ሥራ የተረገጡ ናቸው። ዛሬ ጉሬዛና ወፍ ለማየት የሚመጣ እንግዳም በእነርሱ ላይ ይሄዳል። ከጅማ ከተማ ወደ ጅሬን የሚወስደው ዳገት 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በእግር የወጣው ሰው የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ጎብኝቶ የቀድሞዋን ሂርማታ ቁልቁል ያያል።