ከእጅ የቀረበ አደን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

በላስታ ገጠር የሚኖሩ አንድ አባት ከዙህር ሶላት በኋላ ጠጋ ብለው ጠየቁን። «ሸህዬ፣ ለድኩላ ወጥመድ አጥምጄ ነበር። ዝናቡ ሲበረታ ሰነፍኩና ሦስት ቀን ሳላየው ቀረሁ። በአራተኛው ቀን ብሄድ ገመዱ አንቆ ገድሏታል። ሳጠምድ ቢስሚላህ ብያለሁ። ልጆቼ ሥጋ ካዩ ከርመዋል፤ ይብሏት?»

«አባቴ፣ አይበሏትም» አልናቸው። ታንቆ የሞተ እንስሳ በሱረቱል ማኢዳ ክልክል ከተደረጉት አንዱ ነው። ረሃብ ነፍስን ለሞት ሲያሰጋ የተለየ ሕግ አለው፤ እርሳቸው ግን እዚያ አልደረሱም። በማግስቱ ወጥተው ቢያዩ ኖሮ ምናልባት በሕይወት አግኝተው ባረዷት ነበር። ሐላሉን ያበላሸው ስንፍና ነው። ይህን ጉዳይ ታሪክ ደጋግሞ አሳይቶናልና ጥቂት እናውሳ።

በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሶሓቦቻቸው ጋር ለዑምራ ኢሕራም አድርገው ወጡ። በኢሕራም ላይ ላለ ሰው የየብስ አደን ክልክል ነው። ሙፈሲሮች እንደሚዘግቡት በሑደይቢያ ሰሞን የዱር እንስሳት እስከ ሰፈራቸው ድረስ ይጠጓቸው ነበር። አላህ (ሱ.ወ.) እጅና ጦር በሚደርስበት አደን የሚፈትናቸው በሩቅ ሆኖ የሚፈራውን ለመለየት መሆኑን ነገራቸው። ልብ በሉ! ፈተናው አደኑ ስለራቀ ሳይሆን ስለቀረበ ነው። ሳይለፉ የሚገኝ ነገር ሰውን ሳያስብ ያስወስነዋል።

የጦይእ ጎሣ አለቃ የነበረው ዐዲይ ኢብን ሓቲምም አዳኝ ነበር። ስለ አደን ውሻና ስለ ቀስት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) በዝርዝር ጠየቀ። ውሻው ከታደነው እንስሳ ከበላ፣ ለጌታው ሳይሆን ለራሱ ይዞ ይሆናልና አትብላ ተባለ። የተወጋው እንስሳ ውኃ ውስጥ ሞቶ ከተገኘ፣ የገደለው ቀስቱ ይሁን ውኃው አይታወቅምና አትብላ ተባለ። ከአንድና ሁለት ቀን በኋላ ተገኝቶ ከራሱ ቀስት ምልክት ሌላ ከሌለበት ግን ተፈቀደለት። ከዚህ የምንረዳው አዳኝ ወርውሮ የሚተኛ ሳይሆን ዱካ የሚከተል፣ አይቶ የሚመረምር ሰው መሆን እንዳለበት ነው።

በአገራችን ጠብመንጃ ሲበዛ ይህ ጥንቃቄ ሳሳ። ድሮ በጦር ለማደን ቀርቦ መጋፈጥ ግድ ነበር፤ ጥይት ግን ከገደል ማዶ ይደርሳል። በስሜን ተራሮች በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) መሣሪያው በዝቶ ዋልያ ክፉኛ ተመታ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የቀሩት ጥቂት መቶ እንኳ አይሞሉም ነበር። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1944 የአደን አዋጅ ቢያወጣም ገደል ለገደል ዘበኛ የለም። የስሜን ፓርክና የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በአንድ ዓመት በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። ፓርኩ ግን እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ቆየ።

እኛም ዘንድ ከላሊበላ በላይ፣ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ቀይ ቀበሮ አለ። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የለውም፤ ጠቅላላ ቁጥሩም ከ500 ገደማ አይዘልም። ዋና ምግቡ ፍልፈልና አይጥ ስለሆነ ለገበሬ ባለውለታ ነው። ወጥመድ ግን አይመርጥም። ለድኩላ የታሰረ ገመድ ለቀበሮም፣ ለጎረቤት ጥጃም አንድ ነው። መምረጥ የሚችለው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ አጥምዶ ቤቱ ሲተኛ ምርጫውን ለገመድ አስረከበ ማለት ነው። በዚያ ላይ የአገሪቱ ሕግ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል።

«ማን ያየኛል?» ለሚል ሰው መልሱ ከሑደይቢያ ተሰጥቷል።

እኚያ አባት «ታዲያ የቀሩት ገመዶችስ?» ሲሉ ጠየቁን። «ዛሬውኑ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይፍቷቸው» አልናቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከድክመትና ከስንፍና በአላህ ይጠበቁ ነበር። እኛንም ይጠብቀን። ወላሁ አዕለም።