የማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ውጤት እንዴት ይለካል?

በሰሜን ሸዋ ዞን የሞጃና ወደራ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው ሰላ ድንጋይና በአካባቢዋ ደጋማ ቀበሌዎች፣ እንጀራ የሚጋገረው በአብዛኛው በባሕር ዛፍና በኩበት ነው። ለማሳ ማዳበሪያ መሆን የሚገባው ኩበት አመድ ሆኖ ሲቀር አፈሩ ለምነቱን ያጣል። በመሆኑም አንድ ምድጃ በእርግጥ ማገዶ መቆጠቡን ማወቅ ለእርሻም ጉዳይ ነው።

አንድ ምርት በአካባቢ ላይ የሚያሳድረው ጫና ከጥሬ ዕቃው አንስቶ እስከሚወገድበት ጊዜ ድረስ መመዘን እንዳለበት እ.ኤ.አ በ2006 የተሻሻለው አይ ኤስ ኦ 14040 የተሰኘው ዓለም አቀፍ ደረጃ ይደነግጋል። በ1980ዎቹ በመንግሥት የኢነርጂ ባለሙያዎች የተሠራው "ምርጥ" የእንጀራ ምድጃ ሲሚንቶ ስለሚገባበት፣ ሲመረትም ጫና ያስከትላል። ሆኖም ለዓመታት የሚያገለግል በመሆኑ ዋናው ሚዛን ያለው በየጊዜው በሚነድበት ማገዶ ላይ ነው።

ለምድጃ ፍተሻ በስፋት የሚታወቀው ዘዴ ውሃ ማፍላት ነው። ዘዴው ለእንጀራ እምብዛም አያገለግልም። ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ምጣድ ደግሞ ከዚያ እጅግ የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል። ስለሆነም የሚመረጠው የጋገራ ፍተሻ ነው። ማገዶው ከጋገራ በፊት ይመዘናል፣ የተረፈው ይቀነሳል፣ የእንጨቱ እርጥበት ይታሰባል፤ የነደደውም መጠን ለተጋገረው እንጀራ ክብደት ይካፈላል። በሦስት ጉልቻም ተመሳሳይ ሊጥ ተጋግሮ ውጤቱ ይነጻጸራል። ኩበት ከደረቅ እንጨት ያነሰ ሙቀት ስለሚሰጥ፣ ሁለቱን በኪሎ ብቻ ማወዳደር ያሳስታል።

"ምርጥ" ምድጃ ከሦስት ጉልቻ አንጻር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ እንደሚቆጥብ ሲገለጽ ቆይቷል። እ.ኤ.አ በ2018 የታተመና በኢትዮጵያ ገጠር ነዋሪዎች በተደረገ የጋገራ ፍተሻ ላይ የተመሠረተ ጥናት ግን ቁጠባው ከ22 እስከ 31 በመቶ መሆኑን አመልክቷል። 10 ኪሎ ግራም ማገዶ ይፈጅ የነበረ ቤት 5 ኪሎ ግራም ይተርፈዋል ተብሎ ቢታቀድ፣ በተግባር የሚተርፈው ከ2 ነጥብ 2 እስከ 3 ነጥብ 1 ኪሎ ግራም ይሆናል ማለት ነው። ይህም ቢሆን ቀላል ቁጠባ አይደለም፤ ዕቅድ ሲወጣ ግን መነሻ መሆን ያለበት ይኸኛው አኃዝ ነው። የተሰራጨውን ምድጃ ብዛት ብቻ የሚገልጽ ሪፖርትም ቁጠባውን አያሳይም፤ በቤት ጥግ ተቀምጦ የቀረ ምድጃ የሚቆጥበው ነገር የለምና።

በካርቦን ሽያጭ ስሌት ደግሞ ሌላ ቅናሽ ይታከላል። ከቁጠባው የሚታሰበው ተመልሶ በማይተካ እንጨት የሚመጣው ክፍል ብቻ ሲሆን፣ ተቆርጦ የሚያቆጠቁጠው የገበሬው ባሕር ዛፍ በአብዛኛው ከዚህ ውጭ ነው። ከእሳት ተርፎ ወደ ማሳ የተመለሰ ኩበት ለአፈሩ የሚሰጠው ጥቅምም በዚህ ስሌት ውስጥ ስለማይገባ፣ በግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል ለብቻው መመዝገብ ይኖርበታል።