የጡንቻ ኤሌክትሪክና የሰነፈች እጅ

ሉዊጂ ጋልቫኒ የእንቁራሪት ጡንቻ በኤሌክትሪክ እንደሚኮማተር የመረመረበትን ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1791 በጣሊያን አገር፣ በቦሎኛ ከተማ አሳተመ። በ1849 ደግሞ በርሊን ላይ ኤሚል ዱ ቧ ሬሞን ሁለት እጆቹን በጨው ውሃ ነክሮ አንደኛውን ክንድ ቢያጠነክር የመለኪያው ቀስት ተንቀሳቀሰ። እንቅፋቱ ቆዳ መሆኑን ተረድቶ ክንዱን አቁስሎ ቆዳውን ቢያነሣ ምልክቱ እጅግ ጎላ።

ዛሬ መቁሰል ቀርቷል፤ መለኪያው በክንድ ላይ ይታሰራል። በስትሮክ እጁ የሰነፈበት ሰው ጣቱ ባይነቃነቅለትም፣ ሲሞክር ጡንቻው ደካማ ምልክት የሚሰጥበት ጊዜ አለ። መሣሪያው ያንን ሲያሳየው ልምምዱ ከንቱ አለመሆኑን ይረዳል። ሆኖም የክንድ ውፍረትም ሆነ የጉዳቱ መጠን ከሰው ሰው ስለሚለያይ፣ መለኪያው እንደ ልብስ በልክ መሠራት አለበት።

እኛ መምህራን ስለ ኤሌክትሪክ ስናስተምር ከባትሪና ከአምፖል አልፈን ይህችን እጅ ብናነሣ፣ ተማሪዎቻችን ትምህርቱ ለማን እንደሚጠቅም ያያሉ።