ጠመንጃው ዝም ካለ በኋላ

ውድ ወጣቶች፣ በጎንደር ፒያሳ ስታልፉ ጣልያን የሠራቸውን ሕንፃዎች ታያላችሁ። በአገራችን የመጨረሻው የጣልያን ምሽግ ጎንደር ነበር። አርበኞችና የእንግሊዝ ጦር ቁልቋል በር ላይ ብዙ ደም ካፈሰሱ በኋላ፣ ጄኔራል ናሲ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ።

በዚያ ቀን ነፃነታችን ሙሉ ሆነ ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አልሆነም። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው ስምምነት ኦጋዴንና የጅቡቲ ባቡር መስመር በእንግሊዝ እጅ ቆዩ፤ በፍርድ ቤቶቻችንም የእንግሊዝ ዳኞች ተቀመጡ። ይህን ጠመንጃ አይፈታውም፤ ውል የሚያነብና የሚከራከር ሰው ያስፈልግ ነበር።

ያ ሰው አክሊሉ ሀብተወልድ ናቸው። የካህን ልጅ ናቸው፤ በእስክንድርያ ተምረው በፓሪስ ሕግ አጠኑ። በወረራው ዘመን እዚያው ፓሪስ ሆነው ስለ ኢትዮጵያ ተሟገቱ። አገር ከተመለሱ በኋላ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተሹመው፣ በ30ዎቹ ዕድሜያቸው መጀመሪያ ከእንግሊዝ ልዑካን ፊት ለፊት ተቀመጡ። ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም. በተፈረመው አዲስ ውል ባቡሩ ተመለሰ። ኦጋዴን ለጊዜው በእንግሊዝ አስተዳደር ቢቆይም፣ የኢትዮጵያ ግዛት መሆኑ በጽሑፍ ሰፈረ። ይህች ቃል ከንቱ አልቀረችም፤ በእርሷ መሠረት ኦጋዴን በ1941፣ ሐውድም በ1947 ዓ.ም. ተመለሱ።

ወንድሜ ሆይ፣ እህቴ ሆይ፣ ታሪኩን እዚህ ላይ ብናቆመው ጎደሎ ይሆናል። አክሊሉ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ስለ ኤርትራ ተከራከሩ፤ ጉባኤው ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑን ወሰነ። ነገር ግን እሳቸው ጠቅላይ ሚኒስትር በነበሩበት በ1955 ዓ.ም. ያው ፌዴሬሽን ፈረሰ፤ ለ30 ዓመት ያህል የዘለቀ ጦርነትም አገሪቱን አደማ። በሌላው ላይ ውልን እንደ ጋሻ የያዘ መንግሥት፣ ራሱን የሚያስረው ውል ሲሆን ግን ከበደው።

በ1966 ዓ.ም. አብዮት ፈነዳ፤ አክሊሉም ታሰሩ። እስር ቤት ሆነው ማስታወሻቸውን ጻፉ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ወደ 60 ከሚጠጉ ሰዎች ጋር ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ዕድሜያቸውን በሕግ ሲሟገቱ የኖሩት ሰው፣ ለራሳቸው የሚሟገቱበት ችሎት አላገኙም።

ሐዋርያው ጳውሎስ ሳይፈረድበት ሊገርፉት ባሰሩት ጊዜ፣ ይህ በሕግ የተፈቀደ መሆኑን መቶ አለቃውን እንደ ጠየቀው ታስታውሳላችሁ። እኛም ይህን ጥያቄ መጠየቅ ያለብን ለወዳጃችን ብቻ አይደለም። አክሊሉን የምንወድ ሰዎች ያለ ፍርድ መገደላቸው ያስቆጨናል፤ የማንወደው ሰው ያለ ፍርድ ሲቀጣስ እንቆጫለን? በኅብረታችሁ ተወያዩበት። አገር የሚጠበቀው ይህን ጥያቄ ለጠላቱም በሚጠይቅ ሰው ነው።