ከመርከብ ላይ የታየ መጸው፤ የሐድሰን ወንዝ ታሪክ

በእኛ አገር መጸው ሲባል ክረምቱ አልፎ መስኩ በአበባ የሚያሸበርቅበት ወራት ይታወሰናል። በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ግን በዚያው ሰሞን የሚያሸበርቀው ሊረግፍ የተቃረበው ቅጠል ነው። ይህንኑ ለማየት በመርከብ መንሸራሸር የቆየ ልማድ ነው። የመዝናኛ ታሪክ ከቁም ነገር የማይቈጠር ሊመስል ይችላል። ሆኖም በኒው ዮርክ ግዛት የሚፈሰው የሐድሰን ወንዝ ታሪክ፣ ለማየት ብቻ የሚደረግ ጉዞ ያሳደገው ስሜት ውሎ አድሮ የሕግ ክርክር መሠረት እንደሚሆን ያስረዳል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሮበርት ፉልተን በ1807 በእንፋሎት የሚሠራ መርከቡን ከኒው ዮርክ ከተማ ወደ ኦልባኒ ባስጓዘ ጊዜ 240 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ በ32 ሰዓት ፈጸመ። በሸራ መርከብ ግን ጉዞው እንደ ነፋሱ ሁኔታ ቀናትን ይፈጅ ነበር። ለፉልተንና ለሸሪኩ ተሰጥቶ የነበረው በግዛቲቱ ውሆች ላይ ለብቻ የመሥራት መብት በ1824 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ሲፈርስ መርከቦች በረከቱ፤ ውድድሩም የጉዞውን ዋጋ ዝቅ አደረገው። ስለዚህ ጉዳይ ያለው ነጋዴ ብቻ ሳይሆን፣ አገር ማየት የፈለገም ሰው መሳፈር ጀመረ።

ከእነዚህ መንገደኞች አንዱ ቶማስ ኮል ነበር። ይህ ወጣት ሠዓሊ በ1825 ወንዙን ሽቅብ ተጉዞ የካትስኪልን ተራሮች ጐበኘ፤ ተመልሶ የሣላቸውም ሥዕሎች ወዲያው ገዢ አገኙ። በ1836 ባሳተመው ድርሰቱ የአሜሪካ መጸው በቀለሙ ከሌሎች አገሮች ሁሉ እንደሚበልጥ ገልጾ፣ መጥረቢያ ደኑን እያጠፋው መሆኑን አመለከተ። የእርሱን ፈለግ ከተከተሉት መካከል ጃስፐር ክሮፕሲ በ1860 ለንደን ተቀምጦ የሐድሰንን መጸው በታላቅ ሸራ ላይ ሣለ። እንግሊዛውያን ተመልካቾች እንዲህ ያለ ቀይ ቅጠል መኖሩን ስለ ተጠራጠሩ፣ ከአገሩ የመጡ እውነተኛ ቅጠሎችን ከሥዕሉ አጠገብ አኖረ።

ሠዓሊው አላጋነነም ነበር። ቀኑ ሲያጥር በቅጠሉ ውስጥ ያለው አረንጓዴው ክሎሮፊል ይፈርሳል፤ ቀድሞ ተሸፍኖ የነበረው ቢጫ ይገለጣል። ቀዩ ቀለም ግን በመጸው አዲስ የሚሠራ ነው፤ ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ውርጭ ሳይደርስበት ቀዝቃዛ ሲሆን ይደምቃል። ቅጠላቸው የሚቀላው የሜፕል ዛፎችም በዚያ አካባቢ ብዙ ናቸው።

ይሁን እንጂ ውበትን መውደድ ብቻውን ውበትን አያድንም። ፓሊሴድስ የተባለው የወንዙ ዳር ገደል ለግንባታ ድንጋይ እየተናደ በመሄዱ፣ ኒው ዮርክና ኒው ጀርሲ በ1900 ጠባቂ ኮሚሽን አቋቋሙ። የከበደው ሙግት የተነሣው ግን በ1962 ነው። በዚያ ዓመት ኮን ኤዲሰን የተባለው የኤሌክትሪክ ኩባንያ፣ የወንዙን ውሃ ወደ ላይ ስቦ እያጠራቀመ መልሶ በመልቀቅ ኃይል የሚያመነጭ ጣቢያ በስቶርም ኪንግ ተራራ ላይ ለመሥራት ዐቀደ። የፌዴራል ኃይል ኮሚሽንም ፈቃድ ሰጠ። ተቃዋሚዎች ይግባኝ ሲሉ፣ ገንዘብ ያልጐደለባችሁ ምን አገባችሁ የሚል ክርክር ቀረበባቸው። የይግባኙ ፍርድ ቤት በዲሴምበር 1965 ይህን አልተቀበለም፤ ለተፈጥሮ ውበት የሚቈረቈሩ ወገኖች የመከራከር መብት እንዳላቸው አረጋግጦ፣ ኮሚሽኑ ጉዳዩን እንደገና እንዲመረምር አዘዘ። ሙግቱ ግን አላበቃም፤ የወንዙ ዓሣ ጉዳይም ተጨምሮበት ቀጠለ። ኩባንያው ዕቅዱን የተወው በ1980 በተደረገ ስምምነት ነው።

ዛሬም በየዓመቱ በኦክቶበር መርከቦች ቅጠል ተመልካቾችን ይዘው በዚያ ወንዝ ላይ ይወጣሉ። ለሙያ ባልደረቦቻችን ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ኩባንያው የከተማዪቱን የኃይል ፍላጎት ማስላቱ ስሕተት አልነበረም፤ በሒሳቡ ውስጥ ያልገባው ግን ሰዎች ከመርከብ ላይ ሆነው ለ140 ዓመታት ያህል ሲያዩት የኖሩት ተራራ ነበር። በዋጋ ሊተመን ያልቻለ ነገር ዋጋ እንደሌለው ተቈጥሮ ከዕቅድ እንዳይወጣ መጠንቀቅ የባለሙያ ግዴታ ነው።